ቋጠሮ ለቃሚ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ዳስሻለሁ፣
ደብረ ብርሃን ፋብሪካ፣ ከመስኮቱ ግርጌ፤
ቋጠሮ ለቃሚ ነኝ፤ በጣቴ አያለሁ፣
ዓይን የዘለለውን ከክር ውስጥ ፈልጌ።
እብጠቱን፣ ገለባውን፣ የተደረበውን ክር
በመቀስ ጫፍ ነቅሼ እጥላለሁ ከሥር።

ጥር ነበር። ውሃው እንደ ምላጭ የሚቆርጥ።
ገላዬን ስታጠብ፣ በግራ ጡቴ ውስጥ፣
ከብብቴ በታች፣ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣
አንድ ባቄላ አገኘሁ፣ በዝምታ በቅሎ።
ስጫነው ሸሸ። ስለቀው ተመለሰ።
አያምም።
ምነው ባመመኝ! ሰው ለሕመም ስም አለው።

እኔ የማውቀው ስም የአክስቴን ነው፣ የጥሩወርቅን፤
መሐል ሜዳ፣ በነጠላ ሸፍና፣ «ምች ነው» ስትል ከርማ፣
ሽታው ነጠላውን አልፎ ጎረቤት ሲሰማ
ያኔ ነው በቃሬዛ የወሰዷት።

አራት ወር ደበቅሁት፣ ከባሌ፣ ከእህቴ፤
ሌሊት ሌሊት ብቻ ይሄዳል አውራ ጣቴ፣
መኖሩን አይቶ ሊመጣ።
ለጎረቤቴ ለአስካለ ከአፌ ሾልኮ ቢወጣ
«ብረት እንዳይነካሽ» አለች፣ «ብረት የነካው ይዛመታል፤
ቅጠል አለ፣ ጨቅጭቄ ልለጥፍልሽ።»
እኔም ዕቃዬን ማከፋፈል ጀመርኩ፣ መጀመሪያ በልቤ፣
ኋላ በእጄ፦
ሰማያዊ ቀሚሴን ለእህቴ ለውድነሽ፣
«ጠበበኝ» ብዬ።
አልጠበበኝም።

ሚያዝያ ሲገባ፣ ከጠረጴዛው ላይ
አንድ እብጠት አገኘሁ፣ ባቄላ የሚያህል።
መቀሱን አነሣሁ፣ እጄ ግን እምቢ አለ።
«አሞሻል» አለችኝ አለቃዬ እታገኝ፤
«አያምም» አልኳት፣ «እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ካርድ። ወረፋ። አግዳሚው ላይ አጠገቤ
ከጣርማበር የመጣች ሴት፣ ስሟን ያልጠየቅኳት፣
ከፌስታሏ ዳቦ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥያቄዋ ብዙ፦
መቼ አየሽው? ከወር አበባሽ ጋር ያብጣል፣ ይጎድላል?
ከጫፉ ፈሳሽ፣ ደም? ከቤተሰብ የታመመ?
(ጥሩወርቅን ነገርኳት። ጻፈቻት።
ሙት አክስቴ ካርዴ ላይ ገባች።)
ከዚያ እጇን አፍተልትላ አሞቀች፣
በሦስት ጣት ሄደች፣ ክብ በክብ፣ እስከ ብብቴ።
ያን አካሄድ አውቀዋለሁ። እንጀራዬ ነው።
«ጠርዙ ልሙጥ ነው» አለች፣ «ይንሸራተታል፤ ደግ ምልክት ነው።
ግን ጣት ብቻውን አይመሰክርም።»

ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው አልትራሳውንድ አነሡኝ፤
ስክሪኑ ላይ ግራጫ ደመና፣
በደመናው መሐል ጠቆር ያለ እንቁላል።
ቀጥሎ ቀጭን መርፌ። የንብ ያህል ናት።
የወሰደችውን በመስታወት ላይ ቀብተው
«ከአሥር ቀን በኋላ ነይ» አሉኝ።
አሥር ቀን ብርድ ልብስ ለቀምኩ፤ አንዱንም አላስታውስ።

«ፋይብሮአዴኖማ» አለችኝ። የሩቅ አገር ከተማ ይመስላል።
«ካንሰር አይደለም። የራስሽ ሥጋ ነው፣ ትንሽ ተቋጥሮ የቀረ።»
«ቁረጪልኝ!» አልኳት።
(አሥራ አንድ ዓመት የቆረጠች ሴት ሌላ ምን ትላለች?)
«ቋጠሮ ሁሉ አይቆረጥም። በስድስት ወር መጥተሽ እንለካዋለን፤
ካደገ፣ ቅርጹን ከለወጠ፣ ያኔ እናወጣዋለን።
ሌላ አዲስ ነገር ካገኘሽ ግን
አራት ወር ቤትሽ አትቀመጪ።»

ስወጣ የጣርማበሯን ጠሯት።
«ያዢልኝ» ብላ ፌስታሏን ሰጥታኝ ገባች።
በሩ ተዘጋ።
ለእኔ የሩብ ሰዓት ያህል ነበር፤
ለእሷ ቆየ።
በጣም ቆየ።

ዳቦ ቆሎው በእጄ እንዳለ፣ ከግድግዳው ተደግፌ፣
ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤
እዚያ ኮሪደር ላይ ማውጣት ነውር መሰለኝ።
ስለዚህ ስለ ቀሚሴ አሰብኩ፦
ከውድነሽ ምን ብዬ ልጠይቅ?
«ከሳሁ፣ ልክ ሆነልኝ»?

ቀጠሮዬ ጥቅምት ነው።
በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ፣
ፌስታሉን በሁለት እጄ ይዤ።